መዶሻ የሌለው ፒያኖ

ይሄን ያየሁት በእነዚህ ዓይኖቼ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ፤ እኔ ማንንም የማባብልበት ጊዜ የለኝም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ፒያኖ እንድጠግን የተጠራሁበትን ሳሎን ፀሐይ ሞልታዋለች።

ፒያኖ መጠገን ማንም አላስተማረኝም። አንድ አሮጌ ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው የተማርኩት። አንድ ቁልፍ ለምን ቋ ቋ እንደሚል ለማወቅ ጣቴ ይበቃኛል።

የጠራኝ ሰውዬ በር ላይ ተቀበለኝ። ሃምሳዎቹን የተሻገረ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ የማያርፍ።

"ቁልፎቹ ይንኳኳሉ። እህቴን እንቅልፍ ነሷት" አለኝ፤ በሩ ገርበብ ወዳለው ክፍል በአገጩ እያመለከተ። "አልጋ ላይ ናት። መራመድ አትችልም።"

"ማነው የሚጫወተው፣ ጋሼ?"

"ማንም።"

ማንም የማይነካው ፒያኖ እንቅልፍ ይነሳል... ይሁን።

ተንበርክኬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን ወዝወዝ አደረግኳቸው። በግራ በኩል ያሉት ብቻ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ይነቃነቃሉ።

ነቅዬ አየሁ። የቁልፉ እንጨት ከሚቆምበት ብረት ጋር እንዳይጋጭ መሃላቸው የሚለጠፈው የሱፍ ጨርቅ ተበልቶ አልቋል። ብረቶቹ ከፍትጊያ ብዛት ያበራሉ።

የሌሎቹ ብረቶች ግን አቧራ ለብሰዋል።

የላይኛውን ክዳን ከፈትኩ...

መዶሻዎቹ የሉም። ሽቦውን የሚመታ አንድም ነገር የለም።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዜማ አያወጣም።"

"እኔ ነኝ ያወጣኋቸው" አለ ሳያየኝ። "አንቺ ቋቋታውን ብቻ አጥፊልኝ። ወሬውን ተይው።"

ወሬኛ ሆንኩ እንግዲህ። እልህ ያዘኝ። አዲስ ጨርቅ ልክ ልኩን ቆርጬ ለጠፍኩ። ስጨርስ ቁልፎቹ ጥጥ ላይ እንደምትራመድ ድመት ሆኑ።

"ጋሼ፣ ይምጡና ይዩት።"

ቀና ስል የለም። ካፖርቱን ይዞ ወጥቷል።

"አንቺ ልጅ..."

ከክፍሉ ነው። በሩን ገፋ አደረግኩት። እህትየው ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበውታል።

"ምን አደረግሽው?" አሉ በሹክሹክታ።

"አስተካከልኩት፣ እትዬ። ከእንግዲህ እንቅልፍ አይነሳዎትም።"

"እኔ እኮ እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱን ስሰማ ነው። ቋ ቋ ካለ... እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው።"

"ማን?"

አልጋው አጠገብ የተደገፈውን ዱላ ነካ አደረጉ።

"ሲያቆም ወደዚህ ይመጣል። ያኔ በሩን በዱላዬ ገፍቼ እዘጋበታለሁ። አሁን በምን ልወቅ?"

"ወንድምዎ ይሄን ያውቃሉ?"

"ያውቃል" አሉ። "በደንብ ያውቃል።"

ወደ ሳሎኑ ዘወር አልኩ።

ቁልፎቹ ይወርዳሉ... ይነሳሉ። በግራ በኩል ያሉት ብቻ። አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው።

ትንፋሽ የሚያህል ድምፅ እንኳን የለም። ሥራዬ እንከን አይወጣለትም።

"እየተጫወተ ነው?"

"አዎ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

"እንግዲያው ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። ሲያቆም ንገሪኝ።"

ወደ ኋላዬ እየሄድኩ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። የበሩን እጀታ ያዝኩ።

ቁልፎቹ ቆሙ።

"እትዬ..."

"ዝጊው። ቶሎ።"

በሩን ስስብ የፒያኖው ወንበር በክፍተቱ ታየኝ። የትራሱ መሃል ወደ ታች ሰርጉዶ ነበር።

ቀስ... ቀስ እያለ... ወደ ላይ ተነፋ።