ሦስተኛው ኮምፒውተር

ይህ በእውነት የሆነ ነው። አላምንም ብትሉ አልፈርድባችሁም... እኔም ባላምን ደስ ባለኝ።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሩሴ ከተማ፣ ከእማዬ ጋር የምንኖርበት ሕንጻ። ውጭ ፀሐይዋ ደምቃለች።

ጎረቤታችን ቬስኮ ከላይኛው ፎቅ ወረደ። የሕንጻውን ኮምፒውተሮች በገመድ ያገናኘው እሱ ነው።

"ፋይል ለመለዋወጥ በይለፍ ቃል የሚከፈት ሰርቨር ልጫን ወይስ ይቅር?" አልኩት።

"ለሦስት ኮምፒውተር?" ሳቀብኝ። "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ባንክ ልትከፍቺ ነው እንዴ? ፎልደሩን ለሁሉም ክፍት አድርጊው፣ አለቀ!"

"ያለን ሁለት ነው። የእኔና የእማዬ።"

"ሦስት ነው፣ ራሊጻ። ከላይ በእኔ ኮምፒውተር ይታየኛል።"

ተሳስቶ ነው ብዬ ተውኩት። የአባዬን ኮምፒውተር እሱ በሞተ በሳምንቱ ፈታተን ጥለነዋል።

ምክሩን ሰማሁ። በሕንጻው ሁሉም ፎልደሩን ክፍት ይተዋል፤ ፊልም እንቀባበልበታለን።

እኔ ያስገባሁት አንድ ፎቶ ነበር። አባዬና እማዬ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ። የአባዬ ስድስት ወር ደርሷል። በእኛ ዘንድ የሟቹ ፊት ብቻውን ተቆርጦ፣ በጥቁርና ነጭ ታትሞ፣ የሕንጻው በር ላይ ይለጠፋል።

"አየሽው እማዬ?" ብዬ ወደ ክፍሏ ተጣራሁ።

"አየሁት... ግን ምነው የእኔን ፊት ቆረጥሽ?"

ከፈትኩት።

አባዬ የለም። እማዬ ብቻዋን ናት... በጥቁርና ነጭ።

ፎቶውን ወደ ነበረበት መለስኩት። ዓይኔ እያየ እንደገና ተቆረጠ።

ከእሷ በቀር ማንም የለኝም።

ቬስኮን ጠራሁት፤ ተሯሩጦ መጥቶ የእማዬን ኮምፒውተር አጠፋ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨር ጫነ፤ የይለፍ ቃሉን ለእኔ ብቻ ሰጠኝ።

"አሁን ማን እንደገባ ያሳየናል" አለ በሹክሹክታ።

አሳየን። የእኔ ስም... ከሥሩ የአባዬ ስም።

"ቃሉን ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም!"

"ራሊጻ..."

"ገመዱን ንቀለው በቃ!"

ነቀለው።

ፎቶው ግን አላቆመም። ጠርዙ እየጠበበ፣ እየጠበበ... የእማዬ ፊት ዙሪያ ደረሰ።

"ተዪው ልጄ" አለች እማዬ ከክፍሏ፣ ቀስ ብላ። "አባትሽ ይህቺን ፎቶ ይወዳት ነበር።"

ሮጬ ገባሁ።

ፀጉሯን አበጥራ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ያጠፋነው ኮምፒውተር ፊቷ ላይ ያበራ ነበር።

እማዬ አርብ ጠዋት ሞተች።