ያልተዘለለው ማስታወቂያ

የኔታ ገብረ ሕይወት መደባቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ አፋቸው በግማሽ ተከፍቶ ተገኙ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበርና የቢቸና ሰው «ዕድሜ ጠግበው ሞቱ» ብሎ ሊያለቅስ ተዘጋጅቶ ነበር። ያንን ያበላሸው የገነዛቸው ቄስ ነው። ከፊት ጥርሳቸው መካከል የጥጥ ክር አወጣ፤ ከንፈራቸውም ከውስጥ በኩል ተሰንጥቆ ነበር።

ትራሱ የተገኘው በደቀ መዝሙራቸው በደሴ እጅ ነው። ደሴ ሰባት ዓመት ያገለገላቸው የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤታቸው እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ሲገቡ ትራሱን እንዳቀፈ ቆሞ አገኙት። የጣቢያው ሳጅን ፋንታ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም፤ አሰረው። የከተማው ሰውም አልፈለገም፤ ወደ ጣቢያ ሲወሰድ ሁለት ሦስቱ በድንጋይ ሸኙት።

ዓርብ ጠዋት የዞኑ ፖሊስ ኢንስፔክተር ይርጋነሽን ከሞጣ ላከ። ይርጋነሽ የቄስ ልጅ ናት፤ ጥርሷን ለሳቅ የማትከፍት፣ ለለቅሶም ዓይኗን የማታረጥብ ሴት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሏት «እስኪጠራ ስንቱ ይታሰራል?» ትላለች። ሳጅን ፋንታ ጉዳዩ አልቋል ብሎ የመዝጊያ ወረቀቱን አቀረበላት። ወረቀቱን አልነካችውም፤ ከረቡዕ ጀምሮ የሆነውን እንዲነግራት ጠየቀችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔታ የቅኔና የትርጓሜ መምህር ነበሩ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደሴ ትምህርታቸውን እየቀረጸ በዩቲዩብ ይለቃል። የቻናሉ ባለቤትነትና ገቢው ግን በአስናቀች ስም ነው። አስናቀች የወንድማቸው ልጅ ናት፤ እናትና አባቷ ሲሞቱ እሳቸው አሳደጓት። ረቡዕ ዕለት ከደብረ ኤልያስ እንግዳ መጡ፤ መሪጌታ ወልደ ኪዳን። ምሳ ላይ «የኔታ፣ ትምህርትዎ መካከል ቁማር ምን ይሠራል?» ብለው ስልካቸውን ከፈቱላቸው። ስለ ስቅለት ያስተማሩት ነው። ልክ «በልብሴም ላይ ዕጣ ተጣጣሉ» ሲሉ ድምፃቸው ተቆርጦ፣ ከበሮ የሚደልቅ የኳስ ውርርድ ማስታወቂያ ገባ፤ «ዛሬውኑ ተወራረዱ!» እያለ። ዩቲዩብ ቅኔ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰምና ወርቅ ግን የጎጃም ባለቅኔ ሁሉ ተሰብስቦ አይሠራም።

ሽማግሌው አልሳቁም። ያንኑ ትምህርት በገዛ ስልካቸው ስንት ጊዜ ሰምተውት አንድ ቀን እንኳ ማስታወቂያ ገብቶበት አያውቅም። ወዲያው ተማሪዎቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ቆሙና አወገዙ።

«በቃሌ ላይ ዕጣ ያስጣለ፣ ይህንንም አውቆ የሸሸገኝ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ውጉዝ ይሁን።»

ቻናሉም ዓርብ እንዲዘጋ አዘዙ። ዓርብን ግን አላዩም።

የመምህር ግዝት እንደ ፖሊስ ክስ አይደለም። የተወገዘ ቤተ መቅደስ አይገባም፣ ከማኅበር አይበላም፣ ሲሞትም ፍትሐት የለውም። ደሴ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ኑሮ አያውቅም፤ ለቅስና ሊቀርብም ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ይርጋነሽ ይህን በልቧ ይዛ ወደ እስረኛው ገባች።

ደሴ ግንባሩ ቆስሏል። ሲገባ ትራሱ ፊታቸው ላይ እንደ ነበርና እንዳነሣው ተናገረ። ይርጋነሽ ስልኩን ሰጠችውና የስቅለቱን ትምህርት እንዲከፍት አዘዘችው። ከፈተው። የኔታ «ዕጣ ተጣጣሉ» አሉ፣ ሳይቋረጡም ቀጠሉ። የሟቹን ስልክ አወጣችና ያንኑ ከፈተች። እሱም አልተቋረጠም።

«ማስታወቂያው የት ሄደ?»

«ይከፈልበታል። በወር ከከፈሉ ማስታወቂያ የለም።»

«ለየኔታ ስልክ ማን ከፈለ?»

የደሴ ፊት አመድ መሰለ። አዲስ አበባ የሚኖር፣ የባንክ ካርድ ያለው ጓደኛው ለሁለቱም ስልክ እንደሚከፍልለት፣ እሱም ገንዘቡን በየወሩ እንደሚልክለት ነገራት። አስናቀችን ማስታወቂያውን አጥፊው ብሎ ለምኗት እምቢ ብላዋለች፤ ለየኔታ መንገር ደግሞ አልሆነለትም።

«እንዳያዝኑ ብዬ ነው» አለ። «ሁለት ዓመት ደበቅኋቸው። ኢንስፔክተር፣ የፈለጉትን ይፍረዱብኝ፤ ይህን ግን በሰው ፊት አያውጡብኝ።»

ይርጋነሽ የግዝቱን ቃል በልቧ ደገመችው፤ «አውቆ የሸሸገኝ» ይላል። አዘነችለት፤ ቃል ግን አልገባችለትም።

ቀጥላ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ዘንድ ሄደች። ቤታቸውን ከየኔታ ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሐሙስ የዘጠኝ ሰዓት ጸሎት ላይ ሆነው የኔታን ሰምተዋቸዋል። ተማሪው ሁሉ ለቅኔ ቆጠራ፣ ቅኔውን ለብቻው ሊያስብ፣ ዱር ወጥቶ ስለ ነበር ግቢው ጭር ብሏል።

«‹ዕጣ ተጣጣሉ› ሲሉ ሰማሁ። ያ የቁማር ጭፈራ ተከተለ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ተተካ። ከዚያ እሳቸው ቀጠሉ።»

«ጭፈራው መሃል ላይ አልተቆረጠም፣ እማሆይ?»

«ኧረ እስኪያልቅ ነው የሰማሁት። ያወገዙትን ነገር መልሰው ማየታቸው ገረመኝ።»

ከእማሆይ ወጥታ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነውን ዘመነን አገኘችው። የኔታ ቻናሉ እንዴት እንደሚዘጋ ሊጠይቁት ሐሙስ ለዘጠኝ ሰዓት ቀጥረውት ነበር። ሄዷል፤ ግን አልገባም። በቢቸና መምህር ቃል ሲያወጣ በር አይመታም፤ የመጣ ሰው ተመልሶ ይሄዳል። ዘመነም ድምፃቸውን ሰምቶ ወዲያው ተመለሰ።

«ስትደርስ እየተናገሩ ነበር?» አለችው።

ዘመነ አሰበ። «አልነበረም። ‹ቤቶች› ብዬ ተጣራሁ። ከዚያ ነው የጀመሩት።»

ያንኑ ትምህርት በራሱ ስልክ አስከፈተችው። ማስታወቂያ አልመጣም። እሱ ግን አይከፍልም፤ የማስታወቂያ ማገጃ ጭኖበታል። ለግማሹ ከተማም የጫነው እሱ መሆኑን እየኮራ ነገራት፤ ሕግ ይከለክል እንደሆነም ጠየቃት። ወንጀል የሚመስለው ይኸው ብቻ ነበር።

አስናቀችን ጥቁር ለብሳ፣ ከለቀስተኛ መካከል ተቀምጣ አገኘቻት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሞጣ ላይ የእንግዳ ማረፊያ እያሠራች ነው፤ ጣሪያው ብቻ ቀርቶታል። እንደ ቃሏ ከሆነ፣ ሐሙስ አጎቷን ምሳ አብልታ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥታለች፤ መርዶው እስኪደርሳት መናኸሪያ የሞጣ መኪና ስትጠብቅ ነበር። መናኸሪያ ሐሙስ ገበያ ይመስላል፤ አየኋት የሚል አልተገኘም፤ አላየኋትም የሚልም እንዲሁ።

ይርጋነሽ እንደ ሌሎቹ ትምህርቱን በስልኳ እንድትከፍት ጠየቀቻት። «ዕጣ ተጣጣሉ» ሲባል ከበሮው ደለቀ። ይርጋነሽ ጣቷን «ዝለል» ወደሚለው ሰደደች። አስናቀች እጇን ቀለብ አድርጋ ያዘችው።

«ይተዉት፣ ይለቅ።»

«ለምን?»

«ከተዘለለ ለእኛ አይቆጠርም። እኔ አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም።»

ሁለቱ ሴቶች ሁለቱንም ማስታወቂያ ከዳር እስከ ዳር አዩ። ይርጋነሽ አመስግና ስልኩን ለምርመራ ያዘችው።

ቅዳሜ የየኔታ ሣልስት ነበር። ይርጋነሽ ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው እንዳይበተን አዘዘች። ደሴ በካቴና ገባ፤ አንዲት ሴት ተፋችበት። መሪጌታ ወልደ ኪዳን ከካህናቱ ጋር፣ ዘመነ በሩ ላይ፣ አስናቀች ከፊት ተቀምጠዋል። ይርጋነሽ ለሟች ነፍስ ይማር ብላ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«የኔታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ ይባላል። ለምን? ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ሰሙ። ከዚያ በኋላ የገባ ደሴ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ደሴ ገደለ። ግን የተሰማው ሰውዬው አይደሉም፣ ቪዲዮው ነው። በመካከሉ ማስታወቂያ ገብቶበታል። ደግሞ ማን ነው የከፈተው? ድምፁ የተጀመረው ዘመነ ‹ቤቶች› ሲል ነው። ውስጥ ያለው ሰው ዘመነ እንዳይገባ ፈልጓል። መምህር ቃል ሲያወጣ በር እንደማይመታም ያውቃል።»

ይርጋነሽ ቀጠለች።

«አምስት ስልኮች አሉ። የመሪጌታው ማስታወቂያ ያሳያል፤ እሳቸው ግን ሐሙስ ቀኑን ከተማሪዎቹ ጋር ዱር ነበሩ። የዘመነ ማገጃ አለበት፣ ማስታወቂያ አያሳይም። የደሴ ተከፍሎበታል፣ እሱም አያሳይም። እማሆይ የሰሙት ደግሞ ሁለት ማስታወቂያ ነው፤ ሁለቱም ሳይዘለሉ እስከ መጨረሻ። በዚህ ከተማ ‹ዝለል› ሲል የማይዘል ሰው አንድ ብቻ አግኝቻለሁ። አስናቀች፣ ሬሳ አጠገብ ቆመሽ እንኳ አልዘለልሽውም።»

አስናቀች አልደነገጠችም። ነጠላዋን አስተካክላ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች። የጮኸው የአጎቷ የራሳቸው ስልክ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ ናቸው፣ መዝለል አያውቁም፤ እንግዲህ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳንዱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«የየኔታ ስልክም ማስታወቂያ አያሳይም» አለች ይርጋነሽ። «ተከፍሎበታል።»

አስናቀች ይህን አታውቅም ነበር። ደሴን አየችው፣ ገባትም። እስካሁን እርስዎ ስትላት የነበረችውን ሴት አንቺ አለቻት።

«ማን ከፈለ?»

ይርጋነሽ የሟቹን ስልክ አንሥታ አሳየች።

«አጎቴ ካርድ የላቸውም። የከፈለላቸው ሰው አለ። በቃላቸው መካከል ምን እንደሚገባ የሚያውቅ፣ እሳቸው እንዳያውቁ የፈለገ። ስሙን ንገሪን እንጂ። ያለ ስም እማ ወሬ ነው፤ ዳኛውም ይጠይቅሻል።»

ልክ ነበረች። ክፍያው በስም ካልተረጋገጠ ማስረጃው ይፈርሳል፤ ማስረጃው ከፈረሰ ደሴ ነው የሚሰቀለው። ደሴ ከካቴናው ጋር እጁን አንሥቶ ወደ ይርጋነሽ አንዴ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሁን ማለቱ ነው። አየችው። ሥራዋን ነው የመረጠችው።

«ደሴ ነው» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ።»

አጠገቡ የነበረው ተማሪ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ቀጥሎ ሌላው። ነፍሰ ገዳይ ነው ሲባል ልብሱ ልብሱን እየነካ የተቀመጠ ሁሉ፣ ነፍሰ ገዳይ አለመሆኑ በተረጋገጠበት ሰዓት ሸሸው።

የቀረው ለሥርዓቱ ያህል ነው፤ የስልኩ ምርመራ ውጤት የደረሰው የደሴ ስም ከወጣ በኋላ ነው። የአስናቀች ስልክ የታዩትን ቪዲዮዎች ከነሰዓታቸው መዝግቧል፤ የስቅለቱ ትምህርት ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ተከፍቷል። ያን ሰዓት መናኸሪያ ነበርኩ ብትልም፣ ዘመነም እማሆይም በዚያው ደቂቃ ከየኔታ ቤት የሰሙት ድምፅ ከእሷ ስልክ የወጣ ነበር። ቻናሉ ዓርብ ከተዘጋ ጣሪያ የቀረው የማረፊያዋ ሥራ ይቋረጥ ነበር፤ ያሳደጓትን አጎቷን በትራስ አፈነቻቸው። ስትጠየቅ አልካደችም። «ሦስት ዓመት ማንም ያልሞተበትን ነገር ለአንድ ቀን ጭፈራ ብለው ሊዘጉት?» አለች እንጂ አላለቀሰችም።

ሳጅን ፋንታ ካቴናውን ከደሴ ፈትቶ ለእሷ አሰረው።

ይርጋነሽ ወደ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ዞረች። ግዝቱ የሚፈታበት መንገድ እንዳለ በዝግታ ጠየቀቻቸው። መሪጌታው ረቡዕ ስልኩን የከፈቱት እሳቸው ነበሩና ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

«ያሰረው ነው የሚፈታው፣ ልጄ። ያሰረው ደግሞ ትናንት ተቀበረ።»

ሁለት ቀን ለእስረኛው ምግብ ወደ ጣቢያ ያመላለሱት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ብቻ ነበሩ። አሁን ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ። ካህናቱ ፍትሐቱን ለመጀመር ቆሙ፤ አንዱ ዲያቆን ደሴን ከድንኳኑ እንዲወጣ በእጁ አመለከተው። የሰባት ዓመት መምህሩ ፍትሐት ያለ እሱ ተጀመረ።

መኪናው ጋ ተከትሏት መጣ። ይርጋነሽ ነፃ መሆኑን ነገረችው፤ የትም መሄድ እንደሚችልም ነገረችው።

«የት?» አለ።

የመኪናውን ቁልፍ አወጣች።

«ባያወጡት ይሻለኝ ነበር፣ ኢንስፔክተር። እስር እኮ ዓመት አለው፤ ግዝት የለውም።» የኋላውን በር ያዘ። «እኔንም ይጫኑኝ። ገደልኩ እላለሁ፣ እፈርማለሁ።»

አስናቀች ከውስጥ ሆና አየችውና ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች። ይርጋነሽ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከበሩ ላይ አላቀቀች፤ የሚከሰስበት ነገር እንደሌለ ነገረችው፣ በሩንም ዘጋችው።