የተከለከለው ጥቁር ዳቦ

ታላቁ ጦርነት በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ የወደቡ ከተማ እንደ ወትሮው በዳቦ ሽታ ነቃ፤ መርከቦቹ ግን እንደ ወትሮው አልነበሩም፤ ግማሾቹ መድፍ ጭነው ሄደዋል፣ ግማሾቹንም ከነጭነታቸው ባሕር ውጧቸዋል። ከመርከብ ማራገፊያው ወደ ገበያው በሚያወጣው የድንጋይ መንገድ ወገብ ላይ፣ ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ አንድ ሰፊ ዳቦ ቤት ነበር፤ ባለቤቱም ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ክንዶቿ እስከ ክርኗ በእሳት ጠባሳ የተዥጎረጎሩ ሴት ነበረች። ቁጣዋ ቶሎ ይግላል፣ ከጋለም ቶሎ አይበርድም፤ ስለዚህ ከተማው በሙሉ «እትዬ ምድጃ» ይላት ነበር።

ያ ወደብ ከየአገሩ የመጣ ሰው ተሰባጥሮ የሚኖርበት ነበርና እትዬ ምድጃ ሰውን የምትለየው በፊቱ ሳይሆን በሚበላው ዳቦ ነበር። የደቡብ ባሕር መርከበኞች ቅርፊቱ ጥርስ የሚፈትን ረዥም ዳቦ ይገዙና በእጃቸው እየቆረሱ ዘይትና ኮምጣጤ ውስጥ ይነክሩታል፤ ቢላ ማስነካት ለእነሱ ነውር ነው። የደሴቶቹ ሰዎች ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ቀለበት የመሰለ ዳቦ ክንዳቸው ላይ አጥልቀው፣ እየሄዱ ይገምጡታል፤ ዳቦ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ካዩ «አሞህ ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ከተራራው አገር የወረዱት ድንጋይ ጠራቢዎች እንደ ሻሽ የሳሳ ቂጣ ላይ አይብ ጠቅልለው ለቀን ሥራቸው ይይዛሉ፤ ቂጣው ማንኪያቸውም ሳህናቸውም ነው። ከምሥራቅ የመጡት የሐር ነጋዴዎች ደግሞ ቅርፊት የሚባል ነገር አይወዱም፤ በእንፋሎት የበሰለ፣ እንደ ባዘቶ የነጣ ድቡልቡል ዳቦ ካልሆነ «አርሮብሻል» ብለው ይመልሱባታል። እሷም እየሳቀች፣ «የልጅነት ዳቦ እንደ እናት ነው፤ ማንም መርጦ አላመጣትም» ትል ነበር።

ከሁሉ የሚከብደውን ጥቁሩን ዳቦ የሚጋግሩት ግን ጋሽ አጃ ነበሩ። እኒህ ሽማግሌ ከአርባ ዓመት በፊት ከሰሜን በመጣ መርከብ ላይ የታመሙ መርከበኛ ሆነው ወደቡ ላይ ተጥለው፣ በእትዬ ምድጃ አባት እጅ የዳኑ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ከምድጃው ፊት ተነሥተው አያውቁም። አባቷ ከሞተ በኋላ በሠርጓ ቀን እንደ አባት ቆመው የዳሯት እሳቸው ናቸው። ከአገራቸው ያመጡት እርሾ በሸክላ ማሰሮ ተከድኖ ይኖራል፤ ከአጃ ዱቄት የሚጋግሩት ዳቦም ኮምጠጥ ያለ፣ እንደ ጡብ የጠነከረ ሆኖ፣ በተጋገረ ማግስት በስሱ ተቆርጦ ቅቤ ተቀብቶ ይበላል። ትኩሱን ልግዛ ያላቸውን ሰው፣ «ትኩስ ዳቦ የችኩል ሰው ምግብ ነው፤ ነገ ና» ብለው ይመልሱታል።

በዚያ ሰኞ ጠዋት የከተማው አዋጅ ነጋሪ ደወሉን እየመታ በድንጋዩ መንገድ ወጣ፤ ሰውም ከየደጁ ብቅ ብሎ ሰማ። ጥቁሩ ዳቦ የጠላት ዳቦ ስለሆነ የጋገረ፣ የሸጠ፣ የበላ ሁሉ ጠላትን እንደረዳ ይቆጠራል፤ ሌላውም ዓይነት ቀርቶ ከመንግሥት መጋዘን በሚታደለው ዱቄት አንድ ዓይነት ዳቦ ብቻ ይጋገራል፣ ስሙም የድል ዳቦ ይባላል፤ በጠላት አገር የተወለደ ወንድ ሁሉም እስከ ማታ እጁን ለወታደር ይስጥ፤ ይህን ያዘዘ የስንቅ ሹሙ ክቡር ሻለቃ ነው።

እትዬ ምድጃ ሊጥ ያለበትን እጇን ሳትታጠብ በሩ ላይ ቆማ ሰማችና ወደ ውስጥ ተመለሰች። ጋሽ አጃ የሥራ ሽርጣቸውን አጥፈው ሳጥኑ ላይ አኑረው ነበር።

«የት ሊሄዱ ነው?» አለቻቸው።

«ሲጠሩኝ አልሰማሽም?»

«እርስዎን አይደለም የጠሩት። አርባ ዓመት የዚህን መንገድ አቧራ የቃመ ሰው እንዴት ጠላት ይሆናል? የአገርዎን ቋንቋ እንኳ በሕልምዎ ካልሆነ አያውቁትም።»

«ልጄ፣ ወታደር መጥቶ ከምድጃው ሥር ከሚጎትተኝ በእግሬ ብሄድ ይሻላል፤ ላንቺም ለቤቱም» አሉና በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «እርሾውን ግን እንዳትረሺው፤ በየሁለት ቀኑ አንድ እፍኝ ዱቄት ስጪው። እሱ ጦርነት መኖሩን አያውቅም» አሏት።

በወደቡ ጫፍ ባለው አሮጌ የጨው መጋዘን ውስጥ ከሰባ ሰዎች ጋር ታጎሩ፤ ከሰባው ውስጥ አንድም ወታደር አልነበረም፤ ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ።

በማግስቱ የመንግሥት ዱቄት በጋሪ መጣ። እትዬ ምድጃ ጆንያውን ፈትታ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደችና ወዲያው አወጣችው፤ ጣቶቿ ከዓይኗ በፊት አውቀውት ነበር። በወንፊት ስትነፋው ሰጋቱራና የኖራ ድቃቂ ቀረላት። ያን ጊዜ ደሟ ፈላ፤ በዚያው ሰዓት የሴት ልጇን ባል አስጠራች። አማቿ በሻለቃው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ የእጅ ጽሕፈቱ ስለሚያምር አዋጆች ሁሉ በእሱ እጅ ይጻፋሉ።

«ይህ ምንድን ነው?» ብላ ወንፊቱን አፍንጫው ሥር አቀረበችለት።

ጸሐፊው አይቶ ዓይኑን ሰበረ። «እማማ፣ የጦርነት ዘመን ነው።»

«ነጩስ ዱቄት የት ሄደ?»

«ለመኮንኖች ማዕድ ተለይቷል ይላሉ፤ እኔ አላየሁም። እባክዎ ዝም ይበሉ። ዘመኑ ክፉ ነው፤ አዋጁም የሻለቃው ነው፤ የእኔ እጄ ብቻ ነው የጻፈው።»

«እጅህና አንተ ከመቼ ወዲህ ነው የተለያያችሁት?» አለችው።

ጸሐፊው ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። እሷም ጥርሷን ነክሳ የታዘዘውን ጋገረች፤ መርከበኛውም፣ ድንጋይ ጠራቢውም፣ ነጋዴውም ያንኑ ግራጫ ዳቦ ተሰልፎ ወሰደ። ከሳምንት በኋላ የሰፈሩ ሕፃናት ሆዳቸውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ፤ እናቶቻቸውም ወደ እሷ እየመጡ፣ «እትዬ፣ ምን አበላሽን?» ሲሏት አንገቷን ትደፋ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዳቦዋ አንድ ሰው አምቷት የማያውቅ ሴት።

አዋጁ በወጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የሻለቃው ምግብ አብሳይ በጓሮ በር ገባ። ይህ ሰው ከጦርነቱ በፊት በየቅዳሜው ሁለት ጥቁር ዳቦ ይወስድ ነበር፤ እትዬ ምድጃም አሽከሮቹ የሚበሉት መስሏት ጠይቃው አታውቅም። አሁንም ግራ ቀኙን አይቶ፣ «እትዬ፣ ለቤቱ እንደ ወትሮው ሁለት ይጋግሩልኝ» አላት።

«ልታስይዘኝ ነው የመጣኸው?»

«ልጆቼን አያሳድግልኝ፤ አይደለም። ጌታዬ በጎልማሳነታቸው በዚያ አገር የጦር ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምረዋል፤ ጠዋት ጥቁር ዳቦ ቅቤ ተቀብቶ ካልቀረበላቸው ፊታቸው አይፈታም። ትናንት ነጩን ባቀርብላቸው ሳህኑን ወረወሩብኝ። ከየትም ብለህ አምጣ ብለውኛል።»

እትዬ ምድጃ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ምድጃው ዞረች፤ ምግብ አብሳዩ የፈራች መሰለው። እሷ ግን የምታስበው በኖራ ሆዳቸው ስለተነፋ ሕፃናትና በጨው መጋዘን ስለታጎሩት ሽማግሌ ነበር።

«እጋግራለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከማገዶው ሥር የቀረ አንድ ጆንያ አጃ አለ። ግን ሁለት አይደለም፣ አራት ነው የምጋግረው፤ ሁለቱ ለጌታህ፣ ሁለቱ ለጋሽ አጃ። ለጌታህም እንዲህ ብለህ ንገረው፤ ለአንዱ ሆድ የተፈቀደ ለሌላው አይከለከልም።»

በማግስቱ ምግብ አብሳዩ ሁለቱን በጆንያ ሸፍኖ ወሰደ። እትዬ ምድጃም የቀሩትን ሁለት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በቅርጫት አድርጋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንገዱ መካከል፣ ሰው እያያት ወደ ጨው መጋዘኑ ወረደች። ጋሽ አጃን ከአጥሩ ማዶ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አጥንታቸው ወጥቷል፣ የድል ዳቦው ሆዳቸውን አዙሮ ጥሏቸዋል። ዳቦውን በሽቦው መካከል አቀበለቻቸው። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ትኩስ ነው» አሉ። «ለነገ ይሻላል።»

አልቆረሱትም። ዘበኛው ደርሶ ከእጃቸው ነጠቀው፤ እሷንም ክንዷን ይዞ ወሰዳት።

በሦስተኛው ቀን በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለፍርድ ቀረበች። የከተማው ገዥ በመካከል ተቀምጠዋል፤ ሻለቃው በቀኛቸው ከሳሽ ሆኖ ቆሟል፤ በግራቸው ደግሞ ቃል የሚመዘግበው ጸሐፊ ተቀምጧል፤ እሱም የልጇ ባል ነበር፤ አንገቱን ከወረቀቱ ቀና አላደረገም። አዳራሹን የሞላው ሰው የእሷን ዳቦ ሲበላ ያደገ ሰው ነበር። ሻለቃው ስለ እናት አገርና ስለ ከዳተኞች ረዥም ንግግር አደረገ፤ ሁለቱንም ዳቦ እንደ ተማረከ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

ገዥው፣ «የምትይው አለሽ?» አሏት።

«አለኝ፣ ክቡር ገዥ» አለች፤ ድምጿ እስከ ደጅ ይሰማ ነበር። «አያ ጅቦ ሳታማኝ ብላኝ ይባላል። ሻለቃው ሊበሉኝ ከፈለጉ ይብሉኝ፤ ጥቁር ዳቦ ጋገርሽ ብለው ግን አይሙኝ፤ ከዚያው ሊጥ፣ በዚያው ቀን፣ ከዚያው ምድጃ የወጣ ሁለት ዳቦ በእሳቸው ማዕድ ቀርቧል። አብሳያቸው በሩ ላይ ቆሟል፤ ይጠየቅ። ለሕዝቡ የሰጡት ደግሞ ይኸው ነው» ብላ በእስር ቤት ከታደላት የድል ዳቦ ያስቀረችውን ቁራሽ ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ በገዥው ፊት አኖረች። «ሰጋቱራና ኖራ ነው፤ በወንፊት ነፍቼ አይቼዋለሁ። ልጆቻችን ሆዳቸው ተነፍቷል። ሽማግሌውን በተወለዱበት አገር ምክንያት ከሰሳችኋቸው፤ በምንበላው ነገር ላይ አፈር ጨምሮ የሚያበላን ሰው የየት አገር ጠላት ይባላል? ክቡር ገዥ፣ አንድ ጊዜ ይቅመሱትና ይፍረዱ።»

ገዥው ቁራሹን በብዕራቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት እንጂ አልቀመሱትም። ምግብ አብሳዩ ተጠራ፤ ሻለቃውን አየ፣ ከዚያም መሬት መሬት እያየ፣ «ጌታዬ የሚበሉት ነጭ ዳቦ ነው» አለ። እትዬ ምድጃ ወደ ሕዝቡ ዞራ ተመለከተች። በዚያ አዳራሽ ኖራ የበላ ሆድ ሞልቶ ነበር፤ የሚናገር አፍ ግን አልተገኘም።

ሦስት ወር እስራት ተፈረደባት፤ ዳቦ ቤቱም ታሸገ። ሰዉ ሲበተን ሻለቃው በጸሐፊው ጆሮ ጎንበስ ብሎ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ ጸሐፊውም ወረቀቱን ገልብጦ አዲስ ወረቀት አወጣ።

ጋሽ አጃ በጥር ወር በጨው መጋዘኑ ውስጥ በተቅማጥ ሞቱ፤ ከእሳቸው ጋር ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ሞተዋል። እትዬ ምድጃ የሰማችው በተፈታች ቀን ነው፤ የነገራትም ከእስር ቤቱ በር ሊቀበላት የመጣው አማቿ ነበር። ጥቂት መንገድ ከተጓዙ በኋላ ጸሐፊው ቆመ።

«እማማ፣ የማልደብቅዎ ነገር አለ። በዚያን ቀን የተናገሩትን አላሰፈርኩትም።»

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«‹ተከሳሿ ብትጠየቅ የምትለው የላትም› ብዬ። ልጅዎንና ቤቴን አስቤ ነው።»

እትዬ ምድጃ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው፤ የሚጠብቀው ስድብ ግን አልመጣም። «ልጄን ይዘህ ስትመጣ በሬ ክፍት ነው» አለችው። «ብቻህን ግን አትምጣብኝ።» ከዚያም ጥላው መንገዱን ቀጠለች። ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ የሞቱት በጅምላ የተቀበሩበትን ቦታ እየጠየቀች ወደ ወደቡ ጫፍ ወረደች።

ጦርነቱ ከሁለት ዓመት በኋላ አለቀ። ያ አዋጅ እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ የሚያስታውሰው ሰው ስለጠፋ ብቻ ቀረ፤ ዓመት ሳይሞላም ጥቁሩ ዳቦ በከተማው በሦስት ዳቦ ቤቶች ይሸጥ ጀመር፤ ሸማቾቹም ጣዕሙን አደነቁ። ሻለቃው ኮሎኔል ሆኖ ጡረታ ወጣ። የከተማውን ታሪክ የጻፉት ሊቅ፣ በችግር ዘመን ሕዝቡን አንድ ዓይነት ዳቦ በእኩል ያበላ ፍትሐዊ ሹም ብለው ሙሉ ገጽ ሰጥተውታል፤ በመጋዘኑ የሞቱትን አሥራ ሁለት ሰዎች ግን «በወረርሽኝ ያለፉ» ብለው በአንድ መስመር አልፈዋቸዋል። ስለ ዳቦ ጋጋሪዋም የጻፉት አለ፤ የፍርድ ቤቱን መዝገብ አገላብጠው፣ አንድ ስርዝ ድልዝ የሌለበትን ያን ውብ የእጅ ጽሕፈት አንብበው፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች ብለዋል።