ፀሐይ ሳትጠልቅ የተበላ ቴምር

«ሐጂ፣ ልብዎ ጤነኛ ነው» አለ የጤና ጣቢያው ረዳት፣ ድሬሰሩ ታጁዲን፣ የአዛውንቱን እጅ አንጓ እንደያዘ። «የታመመው ሰዓትዎ ነው።»

ሐጂ አብዱላሂ እጃቸውን ነጠቁት። ያ ሰዓት ከጅቡቲ የመጣ፣ ጁዌል የሚሉት ዕንቁ ሃያ አንድ ያለበት፣ የአሰበ ተፈሪ ጫት ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ሰዓት ነው። ጫት ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ የድሬዳዋው መኪና ካመለጠ በማግስቱ የፍየል ቀለብ ነው። ለእሳቸው ሰዓትዎ ታሟል ማለት ልብዎ ታሟል ከማለት ይብሳል።

«ይዘገያል?»

«ከእኔው ጋር ሳስተያየው በደንብ ይዘገያል። ግድ የለም፣ ቤት መጥቼ አስተካክልልዎታለሁ። የሚኤሶ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ባቡር ጣቢያ ነበር የሚሠራው። እኛ ቤት ጠዋት ከቁርስ በፊት ሰዓት ነው የሚታየው።»

አባቷን ጤና ጣቢያ ያመጣችው ጣሂራ ከኋላ ቆማ ሳቀች። ድሬሰሩ ቀና ብሎ አያት። የሐጂ አንጓ ከእጁ ከወጣ ቆይቷል፤ ጣቶቹ ግን አሁንም እንደያዘ ሰው አየር ላይ ቀርተዋል። ጣሂራ ይህን አይታ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ዘመኑ 1972 ነበር፤ ረመዳን ክረምት ላይ ሊውል ጥቂት ወራት ሲቀሩት።

ታጁዲን ጁምዓ ከሶላት በኋላ መጣ። በረንዳው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈና በትንሽ ቢላ የሰዓቱን የጀርባ ክዳን ፈነቀለ። ሐጂ ትንሽ ካዩ በኋላ ሰለቻቸውና ጫት ወደሚታሰርበት ግቢ ወጡ። እናትየው ሞሚና ጓዳ ናት፤ በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጣሂራ ሻይ ይዛ ቆመች።

«ይህችን ምላስ ታያታለሽ?» አለ ሳያያት። «ወደ መደመር ምልክቱ ስትገፊያት ሰዓቱ ይፈጥናል፤ ወደ መቀነሱ ስትገፊያት ይዘገያል። የምትነካው የፀጉር ያህል ነው። ከዚያ አንድ ቀን ትተሽ ከሬዲዮኑ ጋር ታስተያዪዋለሽ። የቸኮለ ሰው አያስተካክለውም።»

«በዚህ አያያዝ መቼ ሊያልቅ ነው?»

«ባያልቅ ምን ይጎዳሻል?»

ጣሂራ ሻዩን ይዛው ተመልሳ ገባች፤ ጓዳ ስትደርስ ነው ብርጭቆው እጇ ላይ መሆኑ የታወቃት። እናቷ ብርጭቆውንም ልጅቷንም አየች።

በየጁምዓው መጣ። ሰዓቱ ሌሊት በጀርባው ሲተኛ እንደሚቀድም፣ በጎኑ ሲቆም እንደሚዘገይ ለሐጂ አስተማራቸው። ሐጂም ሰዓታቸውን እንደ አራስ ልጅ እያገላበጡ ማስተኛት ጀመሩ። ከዕለታት አንድ ቀን የሬዲዮኑ ድምፅና የሰዓቱ ሰከንድ ቆጣሪ እኩል ገጠሙ።

«በቃ፣ ድኗል» አለ ታጁዲን። «ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግዎትም።»

ሐጂ መረቁት። ጣሂራ ከበሩ ጀርባ ክው ብላ ቀረች።

እንግዲህ ፍረዱ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሰፈር፣ የሐጂ አብዱላሂ ልጅ ሰው ናፈቀኝ ብላ ወዴት ትሄዳለች? አባቷ ለውዱእ ሊታጠቡ ሲነሱ ሰዓታቸውን ፈትተው መስኮቱ ላይ ያስቀምጣሉ። ጣሂራ ቢላና መርፌ ቁልፍ ይዛ እንዳየችው ክዳኑን ፈነቀለች፤ ያችን ምላስ ወደ መቀነሱ ነካ አደረገቻት። ክዳኑን መልሳ ገጠመች። በማግስቱ የድሬዳዋው መኪና አባቷን ጥሏቸው ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ሐጂ ግን ሰዓቱን እንጂ ሰው አልጠረጠሩም።

ታጁዲን ተጠራ። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ጣሂራን አየ፤ እሷም ምንጣፉን።

«ይገርማል» አለ ብቻ።

ሌላም ጊዜ ተጠራ፤ ሌላም ጊዜ። «ሐጂ፣ ይህ ሰዓት እኔን ለምዷል መሰለኝ» ሲላቸው ሐጂ ሳቁ፤ የጣሂራ ጆሮዎች ግን ጋሉ። ታጁዲን ሲወጣ በር ላይ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ምን ይሉኛል?»

«አባ እጅህን ያምናል» አለችው። «እጁ የታመነ ሰው ይታመናል ይላል።»

ያን ቀን እዚያው ብታቆም ኖሮ እኔም የምተርከው አይኖረኝም ነበር።

ረመዳን ገባ። ታጁዲን ለክትባት ሥራ ወደ መሰላ ተላከ። ቀኑ ረዘመባት። ረሃቡም ናፍቆቱም አንድ ላይ ሆድ ውስጥ ሲቀመጡ መለየት ያቅታል። ሊመለስ ነው ሲባል ሰማችና አባቷ ውዱእ ሲያደርጉ ሰዓቱን እንደልማዷ ከፈተች። መርፌዋን ከማስጠጋቷ የአባቷ ሳል ደጃፉ ላይ ተሰማ። እጇ ዘለለ። ምላሷ ወዴት እንደሄደች ሳታይ ክዳኑን ጫነችው። እንደ ሁልጊዜው ወደ መቀነሱ መስሏት ነበር።

በዚያ ሰፈር ሐጂ አብዱላሂ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቴምር ካልጎረሱ የሚያፈጥር የለም። በደህናው ቀን የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ መብራት ሲጠፋና ዝናብ ሲወርድ ግን ከታች የሚመጣ አዛን የለም፣ ሰማዩም አይታይም። ያኔ የሰፈሩ ሰው ዓይን ሐጂ እጅ ላይ ነው።

ሰዓቱን በነካች በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ መብራት ሄደ። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ደመናው ተራራውን ሸፍኖ መንደሩ ላይ ተቀመጠ። የሬዲዮኑ ባትሪ ደክሟል። ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ፣ ቴምራቸውን አነሱ።

ጣሂራ ሾርባውን እንደያዘች ቆመች። ሰዓቱን መንካቷን ታውቃለች። ልናገር ብላ አፏን ከፈተች። ከዚያ፣ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ያስጠብቃል እንጂ ፆም አያስፈታም ብላ ራሷን አጽናናችና ዝም አለች።

«ቢስሚላህ» አሉ ሐጂ። ቃሉ ከደጅ ወደ ደጅ ተቀባበለ። ጎረቤቷ ኩብራ ጎረሰች፣ ከማዶ ልብስ ሰፊው በክሪ ጎረሰ፣ ጣሂራም ጎረሰች።

ሰፈሩ ገና እያኘከ ሳለ በምዕራብ በኩል ደመናው ተቀደደ። ፀሐይ በረንዳው ግድግዳ ላይ ወጣች፤ ቢጫ፣ ደህና ሙቀት ያላት ፀሐይ። ሰው ሁሉ አፉ እንደሞላ እርስ በርሱ ተያየ።

ሐጂ የጎረሱትን በመዳፋቸው ተፉት። «አስተግፊሩላህ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደታመመ ሰው ነበር። ጣሂራ ቴምሩን ለመትፋትም ለመዋጥም አቃታት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ይህን ሰዓት የነካው ማነው?» አሉ ሐጂ።

«ከታጁዲን ሌላ ማን ይነካዋል?» አለች ሞሚና።

በማግስቱ ሐጂ መስጊድ ደጃፍ ላይ ታጁዲንን አቆሙት። ከመሰላ ገና መመለሱ ነው፤ ጫማው ላይ የመንገዱ ጭቃ አለ።

«የአላህን ቀን አስበላኸኝ» አሉት ሰው ሁሉ እየሰማ። «እኔን ብቻ አይደለም፣ ሰፈሬን። ደጄን እንዳትረግጥ።»

ታጁዲን ሰዓቱን ይስጡኝና ልየው አላለም። አንገቱን ደፋ። «የእኔ ጥፋት ነው። አፉ በሉኝ።»

ሰዓቱ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ታጁዲንን «ሩብ ጉዳይ» አለው። ጤና ጣቢያ መርፌ ሊወጋ የመጣ ሰው ሳይቀር «ሩብ ጉዳይ ዛሬ ገብቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ጣሂራ ይህን በሰማች ቁጥር ከሰው መሐል ተነሥታ ትገባለች። አፏ ግን አልተከፈተም። እኔ ነኝ ብትል ለምን ይሏታል። ለምን የሚለውን ደግሞ ሴት ልጅ በአባቷ ፊት እንዴት አድርጋ ነው የምትናገረው?

ዒድ መጣ። የመጣ ሽማግሌ የለም። ጣሂራ የእናቷን መድኃኒት ልቀበል ብላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ታጁዲን ብቻውን ፋሻ ይጠቀልል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለችው ገና ከበሩ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። መርፌሽ ምላሷን ጭራታለች።» ፋሻውን መጠቅለል አላቆመም።

«ታዲያ እንዴት ዝም ትላለህ? ያ ሁሉ ሰው ሲሰድብህ?»

«ብናገር የምጠራው የማንን ስም ነው?» አለና ዓይኑን መለሰ። «ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ያኔ በቀልድ እንኳ ተይ ብልሽ ትተይው ነበር። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ረመዳን ሲመጣ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ባሰብኩት ቁጥር አፍራለሁ፣ ጣሂራ።»

 ደጅ ላይ የሚያለቅስ ሕፃን ነበር።

«ወደ ሚኤሶ እንድዛወር ጠይቄያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ተፈቅዶልኛል። አንቺ እንዳትናገሪ። ሰው ይረሳል፤ ዝም አይነቅዝም።»

መድኃኒቱን ሳትቀበል ወጣች። መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ መጣች። ለጠየቃት ሰው ዓይኔን አሞኝ ነው ትላለች።

ሰፈሩ ያን የተበላ ቀን ቀዷ፣ የምትኩን ፆም፣ ለማውጣት ተነጋግሮ አንድ ላይ ፆመ። ሐጂ ኢፍጣሩን በእኔ ቤት ብለው በግ አረዱ። ያን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ ጣሂራ መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባ፣ ሰዓቱን የነካሁት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን?»

«ያን ጊዜ። ከዚያም በፊት። ሁልጊዜ።»

«ለምን?»

ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለችው። ከሻሹ ሥር የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው። «እንዲመጣ።»

ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። መስጊድ ደጃፍ ላይ አንገቱን የደፋው ልጅ ነበር ፊታቸው ላይ የመጣው፤ እሷ ካፈረችው በላይ አፈሩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያዋረዱት እሳቸው ናቸው። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ጣሂራ ሊገድሉት የሄዱ መስሏት እናቷን ጠራች፤ ነገሩን ግን ልትነግራት አልቻለችም።

ሐጂ ሲመለሱ ታጁዲንን እጁን ይዘው ነበር። በሰፈሩ መሐል፣ ሰው እያየ፣ ቀስ ብለው እየሄዱ። ሰፈርተኛው በረንዳው ላይ ተሰብስቧል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ በላይ ትንሽ ቀርታለች። ልጁን አጠገባቸው አስቀመጡትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሙኝ» አሉ። «ይህን ልጅ በሐሰት ወቅሼዋለሁ። ሰዓቱን ያበላሸው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። የሽማግሌ እጅ ነው፣ ስሞላው አበላሸሁት።»

ሰው አጉረመረመ። ታጁዲን «ኧረ ሐጂ» ብሎ ሊናገር ቃጣው፤ ጉልበቱን ያዝ አደረጉት።

ጣሂራ ከበሩ ጀርባ ሰማች። አባቷ በሕይወቷ ሙሉ ሲዋሹ ሰምታቸው አታውቅም። ለእሷ ሲሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በተማመነባቸው ሰፈር ፊት፣ ያውም በፆም አፋቸው። ያን ልትሸከም አልቻለችም። እንዴት እንደወጣች አላወቀችውም፤ ሰው መሐል ቆማ ራሷን አገኘችው።

«አባ፣ ፆመኛ ነህ፣ አትዋሽ» አለች። «እኔ ነኝ። በመርፌ ነው የነካሁት።»

 ኩብራ ነበረች የጠየቀችው፤ ዝም ማለት መቼ ታውቅበታለች።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሰዓት ምን አድርጎሽ?»

ጣሂራ እንዳታየው ስትታገል ዓይኗ ታጁዲን ላይ አረፈ፤ እሱም ጆሮው ድረስ ቀልቶ መሬት መሬት ያያል። በክሪ ሁለቱን አየና «አሃ» አለ። ሞሚና በር ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ ለጎኑ እያስረዳ ነገሩ በረንዳውን ዞረው።

«ለዚህ ነው በክረምት አንድ ቀን ጨምሬ የተራብኩት?» አለች ኩብራ። «ዓይኗን በጨው ያጠበች!» አለችና ወዲያው የራሷን ነጠላ አውልቃ ጣሂራን አከናነበቻት፤ ልጅቷ ፊቷን የምትደብቅበት አጥታ ነበርና።

ታጁዲን ተነሥቶ ሐጂ ፊት ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

«ሐጂ፣ እኔም እያወቅኩ ዝም ብያለሁ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። የሚኤሶውን ዝውውር እተወዋለሁ። ከፈቀዱልኝ ነገ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ከታች አዛን ተሰማ። ሐጂ ቴምር አንሥተው ያዙ፤ ሰው ሁሉ እጃቸውን ይጠብቃል።

«ሽማግሌ ምን ያደርግልሃል?» አሉት። «ልጅቷ በሰዓቴ ስንት ጊዜ ልካብህ የለም እንዴ?»

ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ሰፈሩ እየሳቀ አፈጠረ። ጣሂራ ግን የኩብራን ነጠላ እንደተከናነበች ጓዳ ገብታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ብቻዋን አፈጠረች። እስከ ጋብቻዋ፣ እስከ ኒካሁ ቀን ድረስም ወደዚያ በረንዳ አልወጣችም።