ለሦስት የማይካፈል ቁጥር

«ጋዜጠኞች የተጠሩት ለነገ ነው» አለ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊው በሩን ገርበብ አድርጎ። «ቁጥሩን ዛሬ አናሳይም።»

«እኔ የመጣሁት ሬሳውን ለማየት ነው» አለች መርማሪዋ።

ኃላፊው ደንግጦ መንገድ ለቀቀላት።

ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል አዲስ ግዙፍ ቁጥር ያገኙት ፕሮፌሰር ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተዋል። አጠገባቸው ግማሽ ሻይ የቀረበት ብርጭቆ አለ። ከደረት ኪሳቸው የታሸገ ፖስታ ወጣ። መርማሪዋ ብቻዋን ከፍታ በኮምፒውተር የተጻፈውን አነበበች፦ «ቁጥሬ ስህተት ነው። ለሦስት ይካፈላል። ሐፍረቱን አልችልም።» ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከቀትር በኋላ ሻዩ ውስጥ ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት እንደተገኘ ተነገራት። የሻዩ ፔርሙዝ ጠዋቱን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ስለነበር ሦስት ሰዎች ሊነኩት ይችሉ ነበር፤ ኃላፊው፣ የፕሮፌሰሩ ረዳትና ሚስታቸው። ሦስቱንም ለየብቻ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ቁጥሩ ስህተት ቢሆን ምክንያቱ ምን ይሆናል?

«የረዳቷ እጅ ነዋ!» አለ ኃላፊው። «ሻዩንም የቀዳችው እሷ ናት።»

«አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ» አለች ረዳቷ። «ገዳይ ከተባልኩ ሥራዬን ማን ያምነዋል? አካፋይ ቢኖረው እንኳ ዕድሜ ልኬን ቆጥሬ የማልደርስበት ግዙፍ ቁጥር ነው የሚሆነው።»

ፔርሙዙን ከቤት ያመጡት ሚስትየው ሹራባቸውን መሥራት አላቋረጡም። «እኔ ምኑን አውቄ፣ ልጄ? ለሦስት ተካፍሎ ይሆናላ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሽ አስጠርታ ደብዳቤውን አነበበችላቸው። ረዳቷ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

«ይሄንን እሳቸው አልጻፉትም!»

«ለምን? አስረጂን።»

«ቁጥራችን ብዛታቸው ጎዶሎ የሆኑ ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ አንድ ሲቀነስ የሚገኝ ነው። ትንንሾቹን እዩ፤ ሰባት፣ ሠላሳ አንድ፣ መቶ ሃያ ሰባት። ለሦስት ሲካፈሉ ሁሌም አንድ ይተርፋል። የኛም እንደዚያው ነው።»

«ኃላፊውም ይህን ያውቃሉ» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ጸሐፊው የሒሳብ ሰው አይደለም። እናቴ፣ ፖስታው የታሸገ ነበር። ሦስትን ከየት አመጧት?»

ሹራቡ ቆመ።

«ወጣት ሳለ ሌላ ዓይነት ቁጥር ነበር የሚፈልገው» አሉ ሚስትየው። «ፊቱን አጥቁሮ ይገባል። ‹ምነው?› ስለው ‹ለሦስት ተካፈለብኝ› ይለኛል። ቁጥር ሁሉ በዚያ የሚሞት መሰለኝ።»

«እሳቸውንስ ለምን ገደሏቸው?»

«ልጃችንን ስንቀብር መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ ወረቀት ላይ ሲያካፍል ነበር። ዋጥ አድርጌ ኖርኩ። ነገ ግን አገር ምድሩ ‹እንኳን ደስ ያለሽ› ሊለኝ ነው። እሱ ብቻ ቢሞት ደግሞ ቁጥሩ ይኖራል።»

ሹራባቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ተነሡ። ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሄዱ።

ቁጥሩ በሳምንቱ ይፋ ሆነ። ከሟቹ ስም ቀጥሎ የኃላፊው ስም ተጻፈ። ረዳቷ «ላደረገችው ትብብር» ተብላ በግርጌ ማስታወሻ ተመሰገነች።