ጀልበኛው የሰጠመበት ምዕራፍ

አዛውንቱ የሥነ ጽሑፍ መምህር ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በትራስ ታፍነው ሞተው ሲገኙ፣ ያ ድንጋይ የሚያህል ልቦለድ ጭናቸው ላይ ተገልጦ ነበር። መርማሪዋ መጽሐፉን ስታይ ፊቷ ተኮሳተረ። የእሳቸው ተማሪ ሳለች ደጋግማ ጀምራ፣ ደጋግማ ጥላዋለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ የአዛውንቱ አስታማሚ ተናገረች። መጀመሪያ የወንድማቸው ልጅ ገብቶ ረጅም ጊዜ ቆየ። እሱ እንደወጣ ሴት ልጃቸው ሻይ ይዛ ገባችና ጮኸች። ልጅቷ ስትገባ ሞተው እንዳገኘቻቸው ትናገራለች፤ የወንድም ልጅ ደግሞ ሲወጣ በሕይወት እንደነበሩ ይምላል። የእሱ ቃል ከጸና፣ አባቷን ገና ያልቀበረች ልጅ ወኅኒ መውረዷ ነው።

«ያን ያህል ምን ስትሠራ ቆየህ?» አለችው መርማሪዋ።

«ሳነብላቸው። ጀልበኛው የሰጠመበትን ምዕራፍ። ሬሳው ከወንዙ ሲወጣማ አጎቴ እንባቸውን መግታት አቃታቸው።»

መርማሪዋ መጽሐፉን እያጉረመረመች አነሣችው። «እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ፍቱን ነው» አለቻት አስታማሚዋ።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች እንደ ድሮው አንገሸገሿት። አንዱ ዓረፍተ ነገር ገጽ ሙሉ ይንዘላዘላል፤ ጀልበኛው መቅዘፍ ሳይጀምር የመቅዘፊያው እንጨት ታሪክ ይተረካል። ወረወረችው። አነሣችው፤ ደግማ ወረወረችው። ከዚያ ግን፣ መቼ እንደሆነ ለራሷም ሳይታወቃት፣ ያ መንዛዛት የወንዙ አካሄድ መሆኑ ገባት፤ መቸኮሏን ትታ አብራው ፈሰሰች። «ጀልበኛው ሰጠመ» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አላስቀመጠችውም።

ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጀልበኛው የሰጠመው ውሃ ውስጥ አይደለም፤ በሐሳብ ነው» አለች። «ስለ አንዲት መበለት እያሰላሰለ መድረሻውን አልፎ ሄደ፤ ተሳፋሪዎቹ ይሰድቡታል። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ሬሳ የለም። አንተ ያነበብከው ርእሱን ብቻ ነው፤ ማንም አይጨርሰውም ብለህ ተማምነሃል።»

«ሌላ ምዕራፍ ይሆናላ» አለ የወንድም ልጅ።

«የትኛው?»

እሱ መጽሐፉን ተቀብሎ ጥቂት ገጾች ገለበጠና መልሶ ዘጋው።

«ካላነበብክላቸው እንባቸው ውሸት ነው። እንባቸው ውሸት ከሆነ፣ በሕይወት ትቻቸው ወጣሁ ያልከው በምን ይቆማል? በሞቱበት ዕለት ጠዋት ከዚህ ቤት እንድትወጣ ነግረውህ እንደነበር ልጃቸው ሰምታለች።»

«ወዴት ልሂድ?» አለ ድምፁ ሰልሎ። «የት ይደር ብለው እንኳ አልጠየቁም።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ልጅቷ መርማሪዋ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ አሁን አባቷን መቅበር ትችላለች። መርማሪዋ ጀርባዋን እያሻሸች ባዶውን ወንበር በብስጭት አየችው። ስለ መበለቷ የምትከራከረው ብዙ ነገር ነበራት፤ ያን መጽሐፍ ከመምህሯ ሌላ የጨረሰ ሰው ግን አታውቅም።