የኢዮብ አዲስ ቱቦ

ኢዮብን ከሐይቁ ሲያወጡት የአየር ጠርሙሱ ጀርባው ላይ እንደታሰረ ነበር፤ ጠርሙሱም ከግማሽ በላይ አየር ነበረው። አየር ተሸክሞ በአየር እጦት የሞተ ሰው ቡታጅራ አይታ አታውቅም። የቧንቧና የፓምፕ ጠጋኙ ገዛኸኝ የሴት ልጁን የኤልሳቤጥን እጮኛ አስከሬን ሲያይ ቆም ብሎ አላሰበም፤ ገመዱን ይዞ ዳር የቀረውን ሚኪያስን በሕዝብ ፊት «ገዳይ!» አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ከተማ ገባ፤ ሚኪያስም በዚያው ዕለት ታሰረ።

ሁለቱ ወጣቶች ጅቡቲ ወደብ ላይ የጠላቂነት ሙያ ተምረው የተመለሱ ጓደኛሞች ናቸው። ወደ ሐይቁ የሄዱት የሰመጠ የመስኖ ፓምፕ ሊያወጡ ነበር። መጠባበቂያው መተንፈሻ ስለተሰበረ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ዳር ሆኖ ገመድ ይይዝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ኢንስፔክተር እቴነሽ የሟችን ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ወደ ገዛኸኝ ወርክሾፕ መጣች። የእምድብር ሴት ናት፤ ቁመቷም ጥያቄዋም አጭር። ዐይኗ በልቅሶ ያበጠው ኤልሳቤጥ ሻይ አቀረበችላት።

«በቀኝሽ ስጪ እንጂ!» አለ አባቷ። «ይቅርታ ኢንስፔክተር፤ ግራኝ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መክሬ መክሬ አቃተኝ።»

«ሻይ ግራና ቀኝ አያውቅም» አለች እቴነሽ ብርጭቆውን እየተቀበለች። ከዚያ ከከረጢቱ አንድ ጥቁር ቱቦ መዘዘች። «ይሄ ከሌላው ዕቃ ሁሉ አዲስ ነው። አሮጌው ምን ሆኖ ነው?»

«ኢዮብ ይማረርበት ነበር። አጭር ነው፣ አንገቴን ሳዞር መንጋጋዬን ይጎትተኛል ይል ነበር። ምሳ ሲበላ እንኳ ጉንጩን ይዞ ነው። ያ ከሀዲ ሚኪያስ ቀይሮበት ይሆናላ!»

ኤልሳቤጥ ትሪውን ይዛ ወጣች።

«ይሄኛው በብብት ሥር እንዲያልፍ ረዘም ያለ ነው፤ አፉ ላይ ደግሞ ጭንቅላት ሲዞር አብሮ የሚዞር መጋጠሚያ አለው። የመረጠው ሰው ለኢዮብ መንጋጋ አዝኖለታል፣ አቶ ገዛኸኝ። ለሚገድሉት ሰው እንዲህ ይታዘናል?»

 እቴነሽ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ነጭ የእንሰት ቃጫ ታይ ነበር። «ይሄስ?»

«የቧንቧ ጥርስ ላይ የምንጠመጥመው ነዋ! ቃጫ ያልለበሰ ቧንቧ ያለቅሳል፤ እዚህ ቤት የሠራ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይሄንን ነው» አለ በኩራት። ያን ኩራቱን በኋላ ሲያስታውሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር።

በማግስቱ እቴነሽ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። ሚኪያስ ከፖሊስ ጋር መጣ፤ ፊቱ ከስቷል። የኢዮብ እናት ወይዘሮ አበባ ጥቁር ለብሰው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ገዛኸኝ በሚኪያስ በኩል ላለማየት ፊቱን አዞረ።

«ጠርሙሱ አየር አለው» አለች እቴነሽ። «ሚኪያስም ገመዱ እንደተነቀነቀ ወዲያው መጎተቱን ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች አይተዋል፤ ግን ገመዱ ፓምፑ ላይ ተጠላልፎ ዘገየ። ታዲያ አየሩ የት ቀረ? መንገድ ላይ።» የአፍ መተንፈሻውን ፈታታ ከውስጡ የተድበለበለ ነጭ ነገር በወረንጦ አወጣች። «ቃጫ ነው።»

ለሚኪያስ ሌላ ቱቦ ከመለዋወጫ ጋር ሰጠችው። «ግጠመው።»

ትንሿን የጎማ ቀለበት ቦታዋ ላይ አስገብቶ በጣቱ አጠበቀው።

«ቃጫስ?»

«ቀለበቷ ትበቃለች፣ ኢንስፔክተር። ቃጫ ከገባበት አየሩ እየገፋ ወደ አፍ ይወስደዋል።»

«እንግዲያው የጠመጠመው ጠላቂ አይደለም። ቧንቧ የለመደ እጅ ነው» አለችና ከጠርሙሱ ራስ የፈታችውን የቱቦውን ጥርስ ለገዛኸኝ አሳየችው። የቀረው ቃጫ አሁንም እላዩ ላይ ነበር። ገዛኸኝ አንዴ አይቶ አወቀው። በዚህ አጠማጠም ስንት ጊዜ ተቆጥቷል! 

«እኔ ነኝ» አለ። «የጠመጠምኩት እኔ ነኝ። ልጁን ልቀቁት።»

እቴነሽ ጉማጅ ቧንቧና ቃጫ አቀበለችው። «እስቲ ይጠምጥሙ።»

እጁ በለመደው በኩል ዞረ። ገልብጦ ሊያስመስል ሞከረ፤ ቃጫው ከጣቱ አምልጦ ወደቀ።

«በጥርሱ አዟዟር የተጠመጠመ ቃጫ ሲጠብቅ ይነክሳል» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «በተቃራኒው የተጠመጠመ ግን ሲጠብቅ ይፈታል፤ ይበጣጠሳል። ኢዮብን የገደለው ይህ ነው። የጠመጠመውም ግራ እጅ ነው።»

«ተዉት አባባ» አለች ኤልሳቤጥ። «ቱቦውን በሰው ከጅቡቲ ያስመጣሁለት እኔ ነኝ። ሲያመው ማየት አልቻልኩም። እንዳያፈስበት ብዬ፣ እዚህ እንደተማርኩት ቃጫ ደረብኩበት። ሚኪያስ ሲታሰር ልናገር ነበር፤ አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል…» ወደ ወይዘሮ አበባ ዞረች። «እማማ…»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ዐይናቸው ድረስ ሳቡ።

«አስቦ መግደል የለበትም፤ ቀሪውን ሕግ ያየዋል» አለች እቴነሽ። «አንተስ ሚኪያስ፣ ቱቦው መቀየሩን አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ታስረህ ሳለ ለምን አልተናገርክም?»

ሚኪያስ አቀረቀረ። «ሊጠልቅ ሲል አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ‹አይጎትተኝም! ኤልሲ ናት ያመጣችልኝ› እያለ ይስቅ ነበር። በዚያ ሳቁ እሷን ላስይዝ? ደግሞ ዕቃውን መፈተሽ የእኔ ሥራ ነበር። ደስታውን አይቼ ሳልፈትሽ ለቀቅኩት። ጋሼ ገዛኸኝ ‹ገዳይ› ሲሉኝ ሐሰት ነው ማለት አቃተኝ።»

ገዛኸኝን እፍረት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራሱ ወረረው። ገዳይ ያለው ልጅ በእስር ቤት ሆኖ ሴት ልጁን ሲሸፍንለት ከርሟል። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ በሕዝብ ፊት እንደዚያ የጮኸው ድምፅ አሁን የለም።

ኤልሳቤጥ ወደ ሚኪያስ ሄዳ እጇን ዘረጋችለት። ግራ እጇን ነበር። «በቀኝሽ» የሚለው ቃል ከልማድ የተነሳ የገዛኸኝ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠው፤ ሚኪያስ እጇን በሁለት እጁ ሲቀበላት እሱ ወለሉ ላይ የወደቀውን ቃጫ ያይ ነበር።